ሎሚው የሚንከባለልበት ቤት

አናጺ ቤት ሠርቶ ይወጣል እንጂ አያድርበትም። እኔም ዕድሜ ልኬን በእጄ ባቆምኩት ቤት ውስጥ በእንግድነት ተኝቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ግን ልጄ ሕይወት፣ «አባዬ፣ ጡረታ መውጣትህን እኮ ሳናከብረው ቀረን» ብላ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ በላይ ወዳለው ሎጅ ወሰደችኝ። የተቀበለችን ወጣት ፈገግ ብላ «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው?» ስትለን ሕይወት ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ አልሳቅኩም። ዓይኔ ያረፈው ወጣቷ ክንዷን ያስደገፈችበት ባንኮኒ ላይ ነበር። ባንኮኒው ከተሰነጠቀ የዝግባ ወጋግራ የተሠራ ነው፤ ያንን ስንጥቅ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

ሰው ሎጅ ሲባል የሣር ክዳን ጎጆና የዋና ገንዳ ይታየዋል። እኔ ይሄኛውን የቤቶች መጦሪያ ብለው ይቀለኛል። ከአዲስ ዓለም፣ ከጊንጪ፣ ከራሷ ከአምቦም በመንገድ ማስፋትና በአዲስ ፕላን ምክንያት ሊፈርሱ የነበሩ የአያቶቻችን ዘመን ቤቶች አንድ በአንድ ተፈትተው፣ በመኪና ተጭነው፣ እዚህ ቁልቁለት ላይ እንደገና ቆመዋል። በረንዳቸው የእንጨት፣ መስኮታቸው ባለ ሁለት ክንፍ ነው፤ ደረጃቸው ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል። የገዛ ሥራዬ ስለሆነ እንዳላሞግስ አፌን ብይዝም፣ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከወንዙ ሲነሳ በረንዳዎቹ ብቻ ተንሳፍፈው ሲታዩ፣ ይህን የሠራን ሰዎች እብዶች ነበርን እላለሁ፤ ደግ እብዶች።

ወደ ኋላ ልመለስ። እንጨት የተማርኩት አምቦ ውስጥ፣ የተማሪ ዴስክ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነው። አለቃዬ አቶ ጥላሁን ቀጭን፣ ቁጡ፣ ግን ፍትሐዊ ሰው ነበሩ። የተጠናቀቀ ዴስክ ሲቀርብላቸው ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ያስቀምጡበትና ጎንበስ ብለው ያያሉ። ውሃው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ «እንጨት ይዋሻል፤ ውሃ ግን አይዋሽም» ብለው ዴስኩን ይመልሱታል። እኔም እንደሳቸው ሆንኩ። ከዚያ ጊንጪ ለትምህርት ቤት ጣሪያ፣ ሆለታ ለጤና ጣቢያ በርና መስኮት፣ እንደገና ወደ አምቦ። ደመወዙ ከወር ወር አላደረሰኝም፤ ስለሱ እዚህ አላወራም። ቀጥ ያለ ነገር ግን ስሜ ሆነ። ጠመም ያለ በር ካየሁ የሰው ቤት ለቅሶ ተቀምጬ እንኳ ዓይኔን ከሱ ማንሳት አልችልም ነበር።

ሎጁን የነደፈችው ሲፈን የምትባል የአምቦ ልጅ ናት፤ አርክቴክት ናት። ስታነጋግረኝ «ጋሼ በቀለ፣ አዲስ ቤት ሳይሆን አሮጌ ቤት ነው የምናቆመው» አለችኝ። እኔም በልቤ «ምን ልዩነት አለው፣ ሁሉም እንጨት ነው» አልኩ። የማውቅ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከእኔ ሌላ አንድ ሽማግሌ ከጉደር ማዶ አምጥታ ነበር፤ ኦቦ ገመቹን። ኦቦ ገመቹ በወጣትነታቸው ያለ ምስማር ቤት ያቆሙ የነበሩ፣ ጺማቸው የነጣ፣ ኮፍያቸውን ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ ቤት በቀር የማያወልቁ አናጺ ናቸው።

የሳቸው ጠባይ መጀመሪያ ሲያዩት ያስቃል። ሊፈታ ወደተዘጋጀ ቤት ሲገቡ መሣሪያ አያነሱም። ጋቢያቸውን መሀል ወለሉ ላይ አንጥፈው በጀርባቸው ይተኛሉ። ጣሪያውን እያዩ ረፋዱ ድረስ። ሠራተኛው «ሽማግሌው እንቅልፋቸውን ሊጨርሱ ነው የተቀጠሩት?» እያለ ይሳሳቃል። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ምን እንደሚያዩ ጠየቅኳቸው።

«ማን ማንን እንደተሸከመ» አሉኝ። «ቆመህ ስታይ ግድግዳ ታያለህ። ተኝተህ ስታይ ግን ሸክሙን ታያለህ። ሱታ፣ በቀለ። ቀስ በል። ይሄ ቤት እኮ ከኔ በፊት ነበረ።»

ሱታ የዘወትር ቃላቸው ነበር። የዛገ ምስማር ሲነቀል እንኳ ሱታ ነው። እኔ በጉጠት ይዤ ስጎትት ጭንቅላቱ ይቀነጠሳል፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ አንዴ ወደ ውስጥ ይመቱታል። «ሊወጣ ያለውን ቀድመህ አስገባው፤ ዝገቱ ይለቀዋል» ይላሉ፤ ምስማሩም እንደ ጥርስ ሳይሰበር ይወጣል። ሲፈን የትኛው እንጨት የት እንደነበር በጠመኔ የጻፈቻቸውን ምልክቶች ዝናብ ሲያጥባቸው እሷም ሳትናደድ ከሳቸው ተማረች፤ እያንዳንዱ ወጋግራና ቋሚ ላይ፣ ከማይታየው ወገን፣ በመሮ ጫፍ ትንሽ ጭረት ይጫራል። ሁለቱ እንዴት እንደሚግባቡ አይቼ ቀናሁ። እሷ ሥዕሏን ታሳያቸዋለች፣ እሳቸው በጣታቸው አየር ላይ ይስላሉ፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም ተደባልቆ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ነው የሚወጣው።

አሁን ወደዚያ ባንኮኒ ልምጣ። የመጀመሪያው ቤታችን ከጊንጪ የመጣ፣ የአንድ የድሮ እህል ነጋዴ ቤት ነበር። ፈትተን አመጣነው፣ መሠረት አወጣን። ኦቦ ገመቹ የዘመድ ለቅሶ ደርሶባቸው ወደ አገራቸው በሄዱበት ሳምንት እኔ ቋሚዎቹን አቆምኩ። በቱምቢ፣ በውሃ ልክ፣ ቀጥ አድርጌ። እንዲያ ቀጥ ያለ ቋሚ አይታችሁ አታውቁም፤ አቶ ጥላሁን ቢያዩ ብርጭቆ ውሃቸውን ይጠጡት ነበር። ትልቁ የዝግባ ወጋግራ ሲወጣ ግን ከቦታው አልቀመጥ አለ። በአንዱ ጫፍ ሲገባ በሌላው ይወጣል። ሠራተኛው ሁሉ በገመድ ሳበ፣ እኔ በሽብልቅ መታሁ። ወጋግራው ጮኸ። እንጨት ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ድምፅ አናጺ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያ ግን ሌላ ነበር፤ ከጫፍ እስከ መሀሉ ተሰነጠቀ። ዛሬ እንዲህ ያለ ዝግባ በሸዋ ምድር ብትዞር አታገኝም።

ኦቦ ገመቹ ተመልሰው መጡ፣ አዩ። ወጋግራው አጠገብ ተቀመጡና ኮፍያቸውን አወለቁ። ሠራተኛው አንድ በአንድ መጥቶ ዙሪያቸውን ተቀመጠ፤ ልክ ለቅሶ ቤት። ሲፈንም መጥታ ተቀመጠች። ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ኦቦ ገመቹ «ይሄ ቤት ስንት ዘመን ጎንበስ ብሎ ኖረ» አሉ። «ቋሚው ሲያጋድል ወጋግራው አብሮት አጋደለ፣ በሩም ለወጋግራው ብሎ ጠመመ። ተስማምተው ነው የኖሩት። አንተ አንዱን ብቻ ቀና አልከው።»

የጊንጪው ቤት አልቆመም። እንጨቱ ለሌሎች ቤቶች ጥገና ተበታተነ፣ ወጋግራውም ሲፈን «አይጣልም» ብላ የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ አደረገችው። ያን ጊዜ ሥራውን ልተው ነበር፤ ለምን እንዳልተውኩት ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ኦቦ ገመቹ በማግስቱ ጠዋት መጥተው «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ በቀለ? ተነስ፣ አዲስ ዓለም እንሄዳለን» ስላሉኝ ይሆናል።

አዲስ ዓለም ላይ የጠበቀን የእማማ አስካለ ቤት ነው። እማማ አስካለ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ አባታቸው በወረሱት፣ ወለሉ ጣውላ በሆነ ሰፊ ቤት ተወልደው ያረጁ ሴት ናቸው። ቦታው ለልማት ሲፈለግ ለሳቸው ከልጃቸው ከአልማዝ ጋር የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ተገኘ። ዘመድ ሁሉ «ቤቱን ለእንጨት ነጋዴ ስጪው፣ አፍርሶ ይውሰደው» ሲላቸው እምቢ አሉ። ለሲፈን ሰጡ። የሰጡበት ቀን በረንዳው ላይ ቆመው የተናገሩት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ልጆቼ፣ ዘመዶቼ እብድ ነሽ ብለውኛል። ስታቆሙት ትጠሩኛላችሁ። ቤቴ ከሆነ እመርቃለሁ። ካልሆነም አይደለም እላችኋለሁ፣ አላፍርም። ቤቴን ለፍልጥ ከሰጠሁት እኩል ነው ማለት ነው፤ ያንን ይዤ አልሞትም።»

«በምን ያውቁታል፣ እማማ?» አልኳቸው።

«እኔ መለያ አለኝ» አሉኝ።

ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን አነጠፉ። በዚህኛው ቤት እኔም አጠገባቸው በጀርባዬ ተኛሁ። ሠራተኛው ሳቀ፤ ይሳቅ። እውነትም ሸክሙ ይታያል። መሀል ያለው ምሰሶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወገን ዘንበል ብሏል፣ ወጋግራዎቹ ተከትለውታል፣ ወለሉም ከበሩ ጀምሮ ወደ ጓዳው ማዕዘን ዝቅ ይላል። እያንዳንዱን ማጋደል በክርና በድንጋይ ለካን፤ ዕቃው ሲጫን ልኩም አብሮ ተጫነ።

ሎጁ ላይ ስናቆመው ክርክር ተነሳ። የሎጁ ባለሀብት «ወለሉ ይስተካከል፤ እንግዳ አልጋ ላይ እየተንሸራተተ ሊያድር ነው?» አሉ። ስህተት አልነበራቸውም፤ ገንዘባቸውም ነው፣ እንግዳቸውም ነው። ሲፈን ወደኔ አየች። ዕድሜውን ሁሉ ቀጥ ሲያደርግ የኖረ ሰው ምን ይል ይሆን ብላ ይመስለኛል። ባንኮኒውን አሰብኩ፣ ከዚያም «ወለሉ እንዳለ ይቀመጥ፤ አልጋውን በሽብልቅ አስተካክላለሁ» አልኩ። የዝግባ ሽብልቅ ቆርጬ ከሁለቱ የአልጋ እግሮች ሥር አስገባሁ። ብርጭቆ ውሃ አልጋው ላይ አስቀመጥኩ፤ ቀጥ። ባለሀብቱ ሳቁና «በሉ እሺ» አሉ። አቶ ጥላሁንንም ኦቦ ገመቹንም በአንድ ክፍል ያስታረቅኩ መሰለኝ።

እማማ አስካለ የመጡበት ቀን ሁላችንም በረንዳው ሥር ቆመን ነበር። ኦቦ ገመቹ ጉልበታቸው ደክሞ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ። አልማዝ እናቷን ደግፋ ስትመጣ ለብቻዬ ሳብ አድርጋ በሹክሹክታ ነገረችኝ። «ጋሼ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከገባን ጀምሮ ሳጥኗን አላስፈታም ብላለች። በጠፍር እንደታሰረ አልጋዋ ሥር ነው። በሰው ቤት ዕቃ አይፈታም ትለኛለች። ነጠላ ስትፈልግ እንኳ የኔን ነው የምትለብሰው።»

እማማ አስካለ በረንዳውን አላደነቁም። መስኮቱን አላዩም። ስንት ቀን የለፋንበትን የጣሪያ ቅርፅ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ደፉ ላይ ቆሙና ከቀሚሳቸው ኪስ አንድ ሎሚ አወጡ። ያን ጊዜ ነው መለያው የገባኝ። ሎሚውን ጎንበስ ብለው ደፉ ላይ አስቀመጡትና ለቀቁት።

ሎሚው መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ሱታ። ወደ መሀል ሄደ፣ ምሰሶውን በግራ ዞረው፣ ፍጥነት ጨመረና የጓዳው ማዕዘን ደርሶ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ ቆመ። እማማ አስካለ እልልታቸውን አቀለጡት። «የአባቴ አልጋ! እዚያ ነበር የአባቴ አልጋ!» አሉ። በልጅነታቸው ወንድምና እህቶቻቸው ከደፉ ላይ ሎሚ ሲለቁ ሁልጊዜ የሚያበቃው አባታቸው አልጋ ሥር ነበርና፣ አባትየው «ቤቱም ማን አባወራ እንደሆነ ያውቃል» እያሉ ሎሚውን ሳይመልሱ ያስቀሩባቸው ነበር። ያን ቀን እጃችንን አንድ በአንድ እየሳሙ መረቁን። ኦቦ ገመቹ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን፣ ለቅሶም ሳይሆን ሲያወልቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ኦቦ ገመቹ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ናፍቀውኛል፤ በየሥራው መሀል ናፍቀውኛል። እኔም ከሌሎቹ ቤቶች በኋላ ዓይኔም ጉልበቴም ደክሞ መሣሪያዬን ሰቀልኩ።

እንግዲህ ሕይወት የተከራየችልኝ ክፍል ያ ቤት ነው። ከበሩ አጠገብ የሎሚ ቅርጫት ተቀምጧል፤ የሎጁ ሰዎች እንግዳ ሁሉ እንዲያንከባልል ልማድ አድርገውታል። ሽብልቆቼ ከአልጋው ሥር እንዳሉ ናቸው። ጠዋት ሕይወት ቁርስ ልታዝ ስትሄድ አንድ ሎሚ አነሳሁና ደፉ ላይ ለቀቅኩ። ሎሚው ወደ መሀል ሄደ፤ ምሰሶው ጋ ደረሰ፤ ከዚያ በግራ ሳይሆን በቀኝ ዞረው። ወንዙን በሚያየው መስኮት ሥር ሄዶ ቆመ። ደገምኩ። እንደገና ወደ መስኮቱ።

ጋቢዬን አነጠፍኩና በጀርባዬ ተኛሁ። ቁርስ ይዛ የመጣችው አስተናጋጅ አየችኝና «አባባ! አሞዎት ነው?» ብላ ልትጮህ ነበር፤ ሕይወት ደርሳ «ተዪው፣ ሥራ ላይ ነው» አለቻት። ጣሪያውን አየሁ። መገጣጠሚያዎቹ ጥብቅ ናቸው፤ አንዱም አልከፈተም። በሮቹን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤ ይገጥማሉ። ከዚያ ወጥቼ ከወለሉ ሥር በስልኬ መብራት አየሁ። የእኛ አገር ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በወንዙ ወገን ያለው የመሠረት ድንጋይ ትንሽ ሰመጥ ብሏል፤ ቋሚው ተከትሎታል፣ ወጋግራውም ቋሚውን። አንዱ ሲሄድ ሌላው አልቀረም። ቤቱ አልታመመም። አዲሱ መሬት ላይ ጎኑን እያመቻቸ ነው።

ለሲፈን ደወልኩ። «ጋሼ፣ ድንጋዩን በክሪክ ከፍ አድርገን እንመልሰዋለን፤ ይቻላል» አለችኝ። ይቻላል። ከፈለግን እንደ ድሮው እናደርገዋለን። ግን ቤቱ የእማማ አስካለ ነው፤ ያን ቀን ሎሚው አባታቸው አልጋ ሥር በመድረሱ ብቻ ነው ተጽናንተው ወደ አራተኛ ፎቃቸው የተመለሱት። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ዝም ብል ሌላ እንግዳ ይነግራቸዋል፤ ያውም እያሳሳቀ። በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና ደወልኩላቸው።

እንደምን አደሩ ተባባልን። አልማዝ ደህና ናት። ጉልበታቸው ያው ነው። «ሳጥኑስ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ሳጥኑማ እንደታሰረ ነው። ምን ልፍታው ብለህ ነው፣ ልጄ፤ አልለመድኩትም።»

ነገርኳቸው። ሎሚው በቀኝ እንደዞረ፣ መስኮቱ ሥር እንደቆመ፣ ብንፈልግ በክሪክ መመለስ እንደምንችል። ባልደወልኩ ኖሮ አልኩ በልቤ።

«በሩ ይዘጋል?» አሉኝ።

«ይዘጋል፣ እማማ።»

«ያፈሳል?»

«ጠብታ የለም። ክረምቱን ችሎታል።»

«የሚሄድበት መስኮት፣ የወንዙ ነው?»

«የወንዙ ነው።»

ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «እንግዲህ ለመደዋ» አሉ። «እንዳትነኩት። በዚያ ዕድሜው ከለመደ… ቆይ፣ አትዝጋው።» ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት መሰለኝ፣ ድምፃቸው ከሩቅ መጣ። «አልማዝ! አንቺ አልማዝ! ነይማ፣ ይሄን ጠፍር ፍቺልኝ።»